አራተኛው ካርድ

መጋቢት 24
ዝናብ። ዛሬም መታወቂያ፣ ዲፕሎማ፣ የልደት ምስክር ወረቀት... ሁሉም ላሚኔት ይደረግልኝ ባይ። አንዱ የስድስተኛ ክፍል ውጤቱን አመጣ፤ ከሃምሳ ሁለት ተማሪ ሃምሳኛ የወጣበትን። ለትውልድ እንዲተላለፍ ይሆናል። በሱቄ በር ላይ «ላሚኔት ያድርጉ፣ ዕድሜ ልክ አይበላሽም» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ?

የራሴን ፖስትካርዶች ግን በዚያ ማሽን አላስነካም። ፕላስቲክ ውስጥ የገባ የድሮ ካርድ ሞተ ማለት ነው። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሚዛን ከተማ ውስጥ ስንት ሰብሳቢ አለ? አንድ። እኔ።

መጋቢት 27
የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍቼ አየኋቸው። ስልሳ ሦስት ካርድ፣ ሁሉም መቶ ዓመት ያለፋቸው። አባባ ማጂ ሳለ አንድ ግሪክ ነጋዴ ሲለቅ ትቶለት የሄደው። መልካም አዲስ ዓመት የሚመኝ አሳማ፣ ከባለቤቱ በላይ የለበሰ ውሻ... ፈረንጅ በዓል ሲመጣ ምን እንደሚነካው እንጃ።

የምወደው የፋሲካዎቹን ነው። ተከታታይ ቀልድ ናቸው፤ ጥጋቸው ላይ ቁጥር አለ። በአንደኛው ጥንቸል እንቁላል ሰርቆ በጋሪ ይጭናል። በሁለተኛው ዶሮዋ ታባርረዋለች። በሦስተኛው ጋሪው ገደል አፋፍ ላይ ነው። አራተኛውስ? አማን ከተማ ነው... እህቴ አማረች ቤት። ስታገባ አባባ ሰጣት። አይቼው አላውቅም። ምን ተስሎበታል ብዬ አባባን ስጠይቀው ይስቅ ነበር እንጂ አይነግረኝም።

መጋቢት 29
ጎረቤቴ ናስረዲን፣ ባንክ በነፃ የሚሰጠው ካላንደር አይሻልህም ወይ አለኝ። ቁም ነገር የገባው ሰው።

ሚያዝያ 2
ባለቤቴ ምሕረት ፋሲካ ደረሰ፣ እህትህን አንጠራም ወይ አለች። ካርዱን ይዛ ትምጣ አልኩ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ያ አተያይ ሲመጣ ከቤት መውጣት ይሻላል።

ከአማረች ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሞላን። አባባ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ካርዱን ስጪኝ አልኳት። ለኔ ነው የሰጠኝ አለች። «አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ» አልኳት፣ ለቀስተኛ ፊት። ከአማን እዚህ በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? አንዳችንም አልተሳፈርንም።

ሚያዝያ 6
ካርዶቼ ሻገቱ፤ ያን ቀን ስከፍተው ቆርቆሮው እርጥበት አስገብቷል። ጥንቸሉ አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። የዶሮዋ ግማሽ የለም። ታላቁ ሰብሳቢ በዚህ ሁሉ ዝናብ ወረቀት ቆርቆሮ ውስጥ ከድኖ ተኛ... ጎበዝ። አለቀስኩ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት
ምሕረት አማን ሄዳ ለአማረች ሁሉን ነግራታለች። ሳትጠይቀኝ። እሷስ ምን አለች? ምንም። ምንም ማለት ምን ማለት ነው?

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ
አማረች መጣች። ከስታለች... ፀጉሯም ሸብቷል፤ ማንም አልነገረኝም። ገና ከመቀመጧ ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች። ላሚኔት ተደርጓል። ጠርዙ ደግሞ ተንጋድዶ ተቆርጧል፤ የኔ እጅ እንዳልሆነ ያስታውቃል።

«ምን አደረግሽው?»

«በርህ ላይ የጻፍከው አንተ አይደለህ? ዕድሜ ልክ አይበላሽም ብለህ። ተኳርፈን እንዴት አንተ ጋ ላምጣው? እዚያው አማን አሠራሁት። አንድ ቀን ትመጣለህ ብዬ ነው።»

አየሁት። ትናንት የታተመ ይመስላል። እንቁላሎቹ ተፈልፍለው ጫጩቶቹ ጥንቸሉን እናታችን ብለው ተከትለውታል። ዶሮዋ ቆማ ታያለች። በቃ። ይኼው ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ነው? አልኩ።

«አያስቅም እኮ። አባባ ይስቅ የነበረው ባንተ ነው።»

ያኔ ሳቅን። እንባችን እስኪመጣ። ድንኳን ውስጥ ላልኩሽ ይቅር በይኝ አልኳት። ወጡ እየቀዘቀዘ ነው፣ ብላ አለች።

ሚያዝያ 14
ሦስቱን ካርዶች ላሚኔት አደረግኳቸው፣ ከነጢማቸው። ማሽኑ ዋጣቸው። ከዚህ በላይ መቼም አይሞቱም።

አራተኛውን አማረች ይዛው ሄዳለች። ስጪኝ አላልኩም። ቀልዱን መጨረስ የፈለገ አማን ድረስ ይሂድ። እሁድ እሄዳለሁ።