በእጃጂ ገበያ ያቀፍከው የመድፍ ጥይት

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። መድፍ ጆሮህን ስላደከመው ሬዲዮውን ጎረቤት እስኪሰማ ትከፍተው ነበር፤ አሁን ድምፁ ተቀንሷል። እማዬ ግን ዛሬም ጮክ ብላ ነው የምታወራው። ለማን እንደምትጮህ ትዝ ሲላት ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

አምቦ ውስጥ አሁንም «ያ ክሪኬት የሚጫወተው ሻለቃ» ይሉሃል። በእጩ መኮንንነትህ ከህንዳውያን አስተማሪዎችህ የተማርከውን፣ ኳስ በእንጨት መምቻ የሚመታበትን ጨዋታ፣ ጦሩ ተበትኖ የሂሳብ መምህር ከሆንክ በኋላም አልተውከውም። መምቻውን ራስህ ጠርበህ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሜዳ ትወርድ ነበር። መጀመሪያ የሳቁብህ መምህራን ኋላ ቡድን ሆኑልህ። እኔንም ኳስ መቅለብ አስተማርከኝ። «ኳሷን አትጋፊያት፣ እጅሽ አብሯት ይሂድ» ትለኝ ነበር።

የእጃጂውን ቀን ግን እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ገበያው ዳር ሰው ተሰብስቦ አየን። አንድ ገበሬ ሲያርስ ያገኘውን ብረት ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሊሸጥ ተሸክሞ መጥቷል። አንተ ከሩቅ አውቀኸው ቀጥ አልክ። ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ነበር፤ ሰውየውም መሬት ላይ ሊጥለው ትከሻውን አዘንብሏል።

እቤት የምትጮኸው ሰውዬ፣ ያን ጊዜ ድምፅህ እንዴት እንደለሰለሰ!

«ሱታ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ሱታ» አልከው፤ ቀስ፣ ወንድሜ፣ ቀስ። ወደ እኔ ዞረህ «ሰዉን አርቂልኝ» አልክ።

እየጮህኩ ሰዉን ከገበያው የግንብ አጥር ኋላ አስገባሁ። አንተ ብቻህን ወደ እሱ ሄድክ። ገበሬው የተሸከመው ምን እንደሆነ ሲያውቅ ጥሎት ሊሮጥ ቃጣው። «ይዤልሃለሁ» አልከውና ከትከሻው ላይ ተቀበልከው፤ እጆችህ ከክብደቱ ጋር አብረው ወረዱ። ያ የሚያምህ ጉልበት እንዴት እንደታዘዘህ አላውቅም። አፈሩ ላይ አስተኝተኸው፣ ሰውየውን እጁን ይዘህ እንደ ሕፃን እየመራህ ወጣህ። ወታደሮች መጥተው ሜዳ ወስደው ሲያፈነዱት የእጃጂ ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ማታ እማዬ ውሃ ስታቀርብልህ፣ «አልፈራህም እንዴ አባዬ?» አልኩህ።

«ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ከእኔ የበለጠ ፈርቶ ነበር» አልከኝ።

ስንት ዓመት መድፍ ስታስተኩስ የኖርክ ሰው፣ አንዲት ጥይት እንዳትጮህ እንዲያ አቀፍካት። አባቴን የማውቅህ ይመስለኝ ነበር፤ ማን እንደሆንክ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ያ ገበሬ፣ ኦቦ ቶሎሳ፣ ባለፈው ጥር የመጀመሪያ ልጁን ሲድር ጠራን። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ስመው ሲጨርሱ፣ ኦቦ ቶሎሳ እየመራ እማዬ ፊት አመጣቸው። «የእኚህንም ሳሙ፤ ባለቤታቸው ባይደርሱልኝ ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር» አላቸው። ተንበርክከው ሳሟት። እማዬ እንባዋ እየወረደ በሁለት እጇ መረቀቻቸው፤ በራሷም በአንተም ስም።

አባዬ፣ ለልጆቼ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። እኔም በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም።

ልጅህ ሰናይት