አባባ ያልጠጣው ውሃ

ለወንድሜ ለኻሊድ፣ ጆሃንስበርግ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ። እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ደክሞናል እንጂ አለን። የምጽፍልህን በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ከአባባ እጅ ስለማይለይ ነው። ይህን ደብዳቤ እዚያ ባሏ ዘንድ ለምትመጣው ለሰይዳ ሰጥቼልሃለሁ።

ከጅማ ሆስፒታል ከተመለስን ሁለት ሳምንት አለፈን። የጉሮሮው ካንሰር ወደ አንገቱ ስለተሻገረ ጨረሩ ብቻውን አይበግረውም፣ ከኬሞ ጋር ይሁን እንዳሉን ታውቃለህ። ቅዳሜና እሁድ ሲቀር ሰባት ሳምንት በየቀኑ፣ በፊቱ ልክ የተሠራ ጭምብል እየተገጠመለት ጨረሩን ወሰደ። ኬሞው በሳምንት አንዴ ነበር። አፉ ቆሰለ፣ አንገቱ ተቃጠለ፣ ምራቁን መዋጥ እንኳ ፈተና ሆነበት። ሱቅ ውስጥ ሲከራከር ድምፁ የኒውላንድን ሰፈር የሚያዳርሰው ሰውዬ በእጁ ነበር የሚያዋራኝ።

ሐኪሟ ኬሞው ኩላሊት ይጎዳል፣ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ይጠጣ ብላ አስጠንቅቃኛለች። ረመዳን ሲገባ ኢማሙም ሕመምተኛ አይገደድም ብለውት እሺ ብሎ ነበር። ቀን አጥሚቱን እምቢ ሲል ቁስሉ ነው ብዬ፣ የገዛሁለት ውሃ ሲያልቅ ደግሞ ደስ እያለኝ ከረምኩ፤ እኔ ሞኟ! ለካ ለሶላት ውዱእ እያደረገበት ነው። በአራተኛው ቀን መጾሙን ደረስኩበት። ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። እሱ ግን ወደ አፉ አስጠግቶኝ፣ «ጉሮሮዬ እንደሆነ ተዘግቷል። መራቤ ካልቀረ ለአላህ ይሁንልኝ» አለኝ። ከታመመ ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንዲጾም ተውኩት። ለሐኪሟም ይጠጣል ብዬ ዋሸሁ።

በስድስተኛው ሳምንት የደም ምርመራው ኩላሊቱ መጎዳቱን አሳየ። የቀሩትን ሁለት ኬሞዎች አስቀሩበት፤ ጨረሩን ብቻውን ጨረሰ። ኩላሊቱ እያገገመ ነው። ካንሰሩ መጥፋት አለመጥፋቱ ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው የሚታወቀው። ለአባባ የነገርኩት የወሰድከው ይበቃሃል ብለዋል ብዬ ነው። እሱም ሊጠይቀው ለሚመጣ ሁሉ መድኃኒቱን ያስቀነሰልኝ ጾሜ ነው እያለ ያወራል። እኔ ጓዳ ገብቼ እቆያለሁ።

ትናንት ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ከረመዳን ቀጥሎ የሚጾመውን የሸዋልን ስድስት ቀን እጾማለሁ አለኝ። በዚህ የጋምቤላ ሙቀት፣ በዚያ ኩላሊት! ከእንግዲህ ዝም ማለት አልችልም። እሱም እኔም ያጠፋነውን ነገ ከፈጅር ሶላት በኋላ እነግረዋለሁ። ካንሰሩን ለምጄዋለሁ፤ ያስፈራኝ ያን የሚኮራበትን ጾም ከእጁ መንጠቄ ነው።

እማማ ዱዓ እያደረገችልህ ነው። ሙስጠፋ የአባባን ሱቅ ይዞ ሰላም ብሎሃል። ትንሿ ነጅሚያ የላክልኝ ጫማ ጠበበኝ ብላ አኩርፋሃለች። ለባለቤትህ ለኢልሀም ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባባም ሰላም በዪልኝ ብሏል። ይህ ሲደርስህ ደውለህ አላናግርም ካለህ፣ ጉሮሮው እንዳይመስልህ።

እህትህ ከይሪያ ዓሊ
ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.