ለአማረች የሰጠናት ቅድሚያ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ዛሬ ዳሞታ ተራራ ሥር፣ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች ድንጋይ የሚወጡበትን ውድድራችንን አደረግን። ውድ መኪና የሌለው ጀማሪም ይግባ ብለን ምዝገባውን በነፃ አድርገን ነበር። የመጣችው ጀማሪ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ከሻንቶ ከተማ የመጣችው ፀጉር ሠሪ አማረች። ለመጫወቻ መኪናዋ ከአሮጌ ሲሊፐር ጎማ ቆርጣላታለች። ደስ አለኝና "እንግዳ ይቅደም" ብዬ መጀመሪያ እሷን አስነዳሁ። በዚህ ጨዋታ የሚጎዳው ቀዳሚው መሆኑን እንዴት ረሳሁት? ድንጋዩ ገና ጠል ነበረው፤ መኪናዋ ተንሸራታ ተገለበጠች። እኛ የተገለበጠችበትን አይተን፣ በሌላ በኩል ዞረን ሁላችንም ወጣን። አጨበጨበችልን።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። "በሚቀጥለውም ነይ እሺ፣ እንዳትቀሪ" አልኳት።

መኪናዋን በፌስታል እየጠቀለለች፣ "ያኔም እንግዳ ነኝ?" አለችኝ።

ሚኒባሱ ሞላና ይዟት ሄደ።