በግማሽ ሹሩባ ወደ አባቷ ስለተመለሰችው ልጄ

ለተከበሩ የወላጅና የልጅ መገናኛ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤትዎ ሰላምና ማታ ሲገቡ ሮጠው ለሚጠመጠሙብዎት ልጆችዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን ወዲህ ልጃችን እሱ ዘንድ እንድትኖር፣ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በክፍልዎ ውስጥ ለአንድ ሰዓት እንዳያት ተወስኖልኛል። ሰው የወለደውን ልጅ በቀጠሮ ማየት መቻሉ ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ የሚከተለውን እንደ ምስጋና እንጂ እንደ አቤቱታ እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

1ኛ. ጥበቃዎ ጭራ ያለውን ሚዶዬን ሹል ነገር ነው ብሎ በር ላይ ስላስቀረልኝ አመሰግናለሁ። ልጄ ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትጠየቅ “ደህና” ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። ጉልበቴ መካከል ገብታ ጸጉሯን ስሠራት ግን፣ ፊቴን ስለማታይ ይሆናል፣ የሆዷን ሁሉ ትዘረግፍልኛለች፤ ማን እንደመታት፣ ሌሊት ምን እንደሚያስፈራት፣ አባቷ ብቻውን ሲሆን እንደሚያለቅስ ሳይቀር። ስለዚህ ያለ ሚዶ፣ በጣቴ እየከፈልኩ መጎንጎን ጀመርኩ።

2ኛ. በጣት የሚሠራ ሹሩባ በአንድ ሰዓት አያልቅም። ተቆጣጣሪዋ በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን መታ መታ ስታደርግ ልጄ ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደተንጨባረረ ተነስታ ትሄዳለች። ጥቂት ደቂቃ እንድትጨምርልኝ ብለምናት፣ ለአንዷ ከፈቀድኩ ሁሉም ይጠይቀኛል አለችኝ። መልካም ሴት ናት፤ መዝገቧ ላይ አቀርቅራ ነው የምታስወጣን።

3ኛ. አባቷ “ወይ ጨርሺው፣ ወይ አትንኪው” ብሎ ላከብኝ። አልፈርድበትም፤ መጎንጎን አይችል፣ በማግስቱ ያንን ሲፈታ ለቅሶዋን የሚሰማው እሱ ነው። ነገሩ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ እኔ ሞኟ ግማሽ ሰዓት ይጨመርልናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እርስዎ ግን ነገር በማብረድ የታወቁ ነዎትና፣ ለልጅቷ ጥቅም ሲባል የክርክሩ መንስኤ እንዲወገድ መከሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ጸጉሯን ተላጭታ መጣች። በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ሸፍና በሩ ላይ ቆመች፤ እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ፣ እንዴት ያምርብሻል አልኳት። ከዚያ በኋላ በአዲሱ ሥርዓት መሠረት ፊት ለፊት ተቀመጥን። እንዴት ነሽ አልኳት፤ ደህና አለችኝ። ትምህርትስ አልኳት፤ ደህና አለችኝ። ተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛውን ሳትመታ በፊት ልጄ ራሷ ተነስታ ቦርሳዋን አነገተች። ክርክር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር፣ እንኳን ደስ አለዎት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቦርሳዋን አስፈትሻ የምትገባው፣ በመዝገብዎ ላይ “ጎብኚ” ተብላ የሰፈረችው፣ ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቷ የማትረሳው አክባሪዎ፣
የልጅቷ እናት

ማሳሰቢያ፦ የልጅ ጸጉር መቼም ማንንም ሳያስፈቅድ ያድጋልና፣ ለሹሩባ ሲደርስ ደግሞ አስቸግርዎታለሁ ብለው እንዳይሰጉ። እስከዚያ ድረስ ለእናቷ ማውራትን ትረሳዋለች፤ ያኔ አንድ ሰዓቱም ይበዛብናል።