ዘመናችን በፈረስ ስም

ሙሌ ጌታዬ፣

እንዴት ነህ ብልህ መልስ የለህም፤ አንተ እንዴት ዋልሽ እንድትለኝ ግን ጆሮዬ አሁንም በሩ ላይ ነው። ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው።

ቤታችን ያው ሲታክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። ታክሲህን ወንድምህ ይዞታል፤ ልጃችን ማህሌት በቁመት በልጣኛለች። አውሮፕላኑ እንደ ድሮው በጣሪያችን ላይ ያልፋል፤ ድምፁ ያቋረጠውን ወሬ ከቆመበት የሚቀጥልልኝ ሰው ግን የለም።

ትናንት ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያለው ቅዳሜ ነበር፤ ያ የምትወደው፣ በሣር ላይ የሚሮጠው የፈረስ ሩጫ ቀን። ፈረሶቹ የሚሮጡት ሌላ ስቴት ቢሆንም፣ እዚሁ ቅርባችን ኦበርን ፈረስ ሜዳ ሄደን በትልቁ ቴሌቪዥን ካላየነው አይሆንልህም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ ስትል፣ አንተ ደግሞ ለሚያልቀው ዓመት በአሸናፊው ፈረስ ስም ታወጣለት ነበር። ንስሐ አባታችን ይህን ሲሰሙ የሳቁትን ሳቅ አልረሳውም። ማህሌት የተወለደችው አንዲት ባዝራ ወንዶቹን ፈረሶች ሁሉ ቀድማ በገባችበት ዘመን ነው፤ እዚህ ቤት የገባነው ዳማው ፈረስ ባሸነፈበት ዘመን። ዝናብ ሣሩን አጨቅይቶት ሩጫውን ወደ አፈሩ መም ያዞሩት ጊዜማ አኩርፈህ ስም ከለከልከው። የሩጫውን ታሪክ፣ ገና ድሮ በአፈር ላይ ይሮጥ ከነበረበት ጀምረህ፣ መንገዱን ሙሉ ትተርክልን ነበር። እኔ እንቅልፍ እየወሰደኝ እንዲያው እሺ እሺ እልህ ነበር። ዛሬ ያንን ትረካ ባገኝ ዓይኔን አልከድንም።

ዘንድሮ መሄድ ፈርቼ ነበር። ስም የሚያወጣ ከሌለ ያንተ ነገር በቤታችን በዚያው ሊያበቃ ነው ብዬ። ቁልፉን አንስታ መኪና ውስጥ የጠበቀችኝ ማህሌት ናት። እኔ የአሸናፊውን ስም ለማንበብ መነጽሬን ስፈልግ፣ እሷ ሁሉም ገብተው ካለቁ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ ብቻውን የሚሮጠውን ፈረስ እያየች ታለቅሳለች። ከዚያ በዚያ ስብርብር አማርኛዋ ዓመቱ የኋለኛው ፈረስ ዘመን ነው አለች።

በደንቡ ዓመቱ የሚሰየመው በአሸናፊው ነው፤ ብትኖር ሙግት ትገጥማት ነበር። እኔ ግን እሺ አልኳት። ይህን ዓመት እኛም እየተጎተትን ነው የጨረስነው።

ናፍቀኸኛል ሙሌ፣ በጣም ናፍቀኸኛል። እኔ በቁሜ እያለሁ አንዱም ዘመናችን ከነስሙ አይጠፋብኝም። ለሚመጣውም ስም የምታወጣ ልጅ አለችህ።

ሚስትህ አስቴር