ጋሼ፣ ሳትዘል አንብብላት

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ቀና ባልሽ ቁጥር «ወይኔ» ያሰኝሻል? እማማስ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? ትንሹ ልጅሽ መራመድ ጀመረ ወይስ አሁንም እንደ ጌታ እየታቀፈ ነው የሚኖረው? እኔ ደኅና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም እንደ ልማዷ እያጉረመረመች ትሠራለች። አደራ የሰጠሽኝ ልጅሽ ድምቡሼም ደኅና ናት። ጠግባ ትበላለች፣ ጠግባ ትተኛለች፣ ከልፍለፋዋም ቅንጣት አልቀነሰም። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለው እንዳያስደነግጥሽ ነው።

ጋሼ፣ አሁን አንተን ነው። ደብዳቤዬን ስታነብላት ክፉ ክፉውን እየዘለልክ ደግ ደጉን ብቻ እንደምታሰማት ደርሼበታለሁ። ያን ጊዜ ታምሜ መተኛቴን ብጽፍ «ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር» ብለህ አለፍካት አሉ። አንጀትህ አልችል ብሎ ነው፣ ይገባኛል። ይህቺን ግን በሞቴ፣ አንዲት መስመር ሳትዘል አንብብላት።

እታለም፣ ልጅሽ ሁለተኛ ክፍልን ልትደግም ነው።

እንዴት መሰለሽ፤ ለትምህርት ቤቶች አዲስ ደንብ መጣ። እስከ ዛሬ ልጁ አወቀም አላወቀም ዓመቱ ካለቀ ያልፍ ነበር። አሁን ግን አንድ ገጽ በራሱ ማንበብ ያልቻለ አያልፍም ተባለ። ዘንድሮ ይጀመር ወይስ ይቆይ የሚለውን ወላጆች ይወስኑ ተብሎ ስብሰባ ተጠራን። እኔ ደግሞ የወላጆች ኮሚቴ አባል ነኝ አይደል፣ ከፊት ወንበር ጉብ አልኩ።

ስብሰባው ቀውጢ ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው ተነሥቶ፣ ልጆቹ በአንድ ዴስክ ተጣብቀው፣ መጽሐፉን እየተሻሙ እንዴት ይወቁ፣ መጀመሪያ የመማሪያ ክፍል ይጨመር አለና ተጨበጨበለት። መምህሯ፣ ያቺ ድምጿ ሁልጊዜ የሻከረ ምስኪን፣ ማንበብ የማይችል ልጅ ባሳለፈች ቁጥር እንደምታፍር፣ የሚያለቅስ ልጅ ማየትም እንደማይሆንላት ተናገረች። እኔ ብድግ አልኩና ሳልለካ ብሰፋ ልብሱ ለማን ይሆናል፣ ልክ ይኑር አልኩ። ጋጋሪው ልጅ ጨርቅ አይደለም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን እጅ ሲቆጠር እጄን አወጣሁ። ዘንድሮ ይጀመር ያልነው በጥቂት በለጥን።

ስለ ድምቡሼ እኮ ምንም አልሰጋሁም! ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብላ ታነብልኛለች። ድምጿን ከፍ ዝቅ ስታደርገው፣ አራት ነጥቡ ጋ ስታርፍ፣ ገጹን በሰዓቱ ስትገልጥ፣ ደንበኞቼ ሁሉ ተባረኪ ይሏት ነበር። ለካ ጉደኛዋ በቃሏ ይዛው ኖሯል፤ የምታየው ሥዕሉን ነው። በፈተናው ቀን መምህሯ ሥዕሉን በመዳፏ ሸፈን ብታደርገው ልጅት ጭጭ አለች። እኔስ? ስሰፋ ዓይኔ ከመርፌው ስለማይነሣ ጆሮዬን ብቻ አምኜ ኖርኩ።

ያኔ ማን ትዝ አለኝ መሰለሽ? አንቺ። በልጅነታችን መጽሐፍ ይዘሽ ተረት ስታነቢልኝ እንዴት ያምርብሽ ነበር! እንዲሁ እያሳለፉ፣ እያሳለፉ ስምንተኛ ክፍል አደረሱሽ። ይኸው የገዛ እህትሽን ደብዳቤ ጋሼ ካላነበበልሽ አታውቂውም። ክፉ ያሰበብሽ አልነበረም፤ ሁሉም አዝነውልሽ ነው ያሳለፉሽ። እጄን ያወጣሁት ለዚህ ነው። ግን ደንቡ መጀመሪያ የያዘው ያንቺን ልጅ ሆነ። አደራሽን ተቀብዬ ይህን ማየት ነበረብኝ። ብትቆጪኝ መብትሽ ነው፤ ብቻ ልጅቷን መልሽልኝ እንዳትዪኝ።

ጋጋሪው አልነገርኩሽም ወይ ይለኛል ብዬ ስሳቀቅ ትኩስ ዳቦ ይዞ መጣ። አሁን እኔና እሱ ክፍል ይጨመር እያልን አብረን ደጅ እንጠናለን። ድምቡሼም ኩርፊያዋ ሲበርድላት በክር ካርቶኖቼ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል መልቀም ይዛለች። እነሱ ሥዕል የላቸውም። አንዱን ቃል ስታገኘው የምትጮኸውን ብትሰሚ፣ ደንበኞቼ መርፌ ወጋት እንዴ ይላሉ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ትንሹን ጉንጩን ንከሺልኝ። ጋሼ፣ እስከዚህ ሳትዘል ከመጣህ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከዘለልክም አውቅብሃለሁ። ልጅሽም ሰላም ብላሻለች። ስታለቅስ ላጽናናት ብዬ፣ እናትሽም እኮ ማንበብ ሳትችል ነው ያሳለፏት ብላት፣ አስባ አስባ፣ እንግዲያው እማዬም ትምጣና ትድገም፣ ዴስኬ ላይ ጠጋ እልላታለሁ አለችኝ። እታለም፣ ምን ብዬ ልመልስላት?

ታናሽ እህትሽ
ከስፌት ቤቴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ