ኪቦርዱ ስላበራ የተያዘው ላፕቶፕ

ለተከበሩ የኮሌጁ የተማሪዎች መሣሪያ ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠበቀ፣ እንቅልፍዎም ከእኔ የተሻለ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ከልጅ ልጄ በወሰዳችሁት ላፕቶፕ ውስጥ የመመረቂያ ሥራዋ፣ የአንድ ክሊኒክ ሙሉ ንድፍ አለ። በፍላሽ የያዘችው የቆየ ቅጂ ላይ ሕንፃው ገና ጣሪያ አልወጣለትም። ሥራው የሚረከበው የፊታችን ዓርብ ነው፤ ያላስረከበ ደግሞ አይመረቅም።

ይህን ስጽፍ እፈራለሁ። በቤት ሚጢ የምንላት ይህችው ልጅ፣ «እማማ፣ ተዪው በናትሽ፤ ከተናገርሽ ጭራሽ ያባርሩኛል» ብላኛለች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ በምስጋና የተባረረ ተማሪ እስካሁን አልሰማሁምና።

አንደኛ፤ ክፍልዎ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ራሱን የቻለ፣ ከባድ ሥዕል የሚያስኬድ ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ እንዲይዙ በግድግዳ ማስታወቂያ ስላዘዘን አመሰግናለሁ። ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ትእዛዙን እንደ ቀመር ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ቀጭኑ ላፕቶፕ ለጽሑፍ ሸጋ ነበር፤ ንድፉን ሲከፍቱበት ግን ዳገት ላይ እንዳለ ሽማግሌ ቆሞ ይተነፍሳል። ለጨዋታ ብቻ የተሠራው ደግሞ ተሸካሚውን ያጎብጣል፣ ባትሪውም ከሁለት ክፍለ ጊዜ አያልፍም። መካከለኛውን ሚጢ በንድፍም በመኪና እሽቅድምድምም ስትፈትነው፣ እኔ የላፕቶፑን ሆድ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር በመዳፌ እየዳሰስኩ ቆየሁ። ለብ አለ እንጂ አልጋለም። ሻጩም፣ «እማማ፣ ይሄኛው ቀን ያስተምራታል፣ ማታ ያጫውታታል» አለኝ። እኔም ገዛሁት።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ሳምንት ከዚያው ማስታወቂያ ሥር «የጨዋታ ላፕቶፕ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ሌላ ስለለጠፋችሁልን፣ የበር ተቆጣጣሪያችሁም የተከለከለውን የሚለይበት ፈጣን ዘዴ ስላገኘ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ክዳኑን ሲከፍተው ቁልፎቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አበሩ። «ይሄማ የጨዋታ ነው!» ብሎ ወሰደው። ሚጢ መብራቱ በአንድ ቁልፍ እንደሚጠፋ ልታሳየው ብትሞክር፣ «አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ?» አላት። እኔ ግን ባስተምረው ደስ ባለኝ፤ ብርሃንን ጥፋት የሚያደርግ ትምህርት በእኛ ዘመን አልነበረማ።

ሦስተኛ፤ እውነቱን አልደብቅም፤ ልጅቷ ትጫወታለች። ጥናቷን ስትጨርስ ከታናሽ ወንድሟ ጋር መኪና ታሽቀዳድማለች። አንድ ቀን እኔንም አስነዱኝና መኪናውን ባሕር ውስጥ ከተትኩት፤ ሁለቱ ሆዳቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ያ ሳቅ አሁን ከቤታችን ጠፍቷል። ሚጢ እህል አይወርድላትም፤ ስልኳ በጮኸ ቁጥር የስንብት ወሬ የመጣ እየመሰላት ትደነግጣለች። ጸጥታ ለጥናት ይጠቅማል ካላችሁ ተሳክቶላችኋል።

አራተኛ፤ ለባልዲው። ልለምንዎ የመጣሁ ዕለት የዕቃ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። የተማሪዎቹ ላፕቶፖች እንደ ጡብ ተደራርበዋል፤ ከአጠገባቸው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ጠብታውን የሚቀበል ባልዲ ከሥሩ አለ፤ ባልዲው ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። የሚጢ ከታች ነው። «ኧረ ውሃው!» ብዬ ብጮህ ጸሐፊዎ፣ «ኃላፊው ከባድ ሥራ ይዘዋል፤ ይጠብቁ» አለችኝ። ጠበቅኩ። ቢሮው ተዘጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቴ ቧንቧ ጠብ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ጠብ ይላል፤ የቤቴን ቧንቧ አጥብቄ ዘጋሁት፣ የእናንተን ግን ማን ይዝጋልኝ?

ልመናዬ ይህ ብቻ ነው፤ ከዓርብ በፊት፣ ተቆጣጣሪዎ አጠገቧ ቆሞም ቢሆን፣ ሥራዋን በፍላሽ ትገልብጥ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ይታሰር ካላችሁ ይታሰር፤ ልጅቷ ግን ትመረቅ። በዚህ ደብዳቤ ከተቆጡም ቁጣው እኔ ላይ ይረፍ፤ እኔን ከየትም ክፍል ማባረር አይቻልም፣ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ባልዲው ሞልቶ ሳይፈስ መልስዎ እንዲደርሳት በፍርሃትና በታላቅ አክብሮት የምትጠባበቀው፣
የሚጢ አያት፣ ጡረተኛዋ የሒሳብ መምህርት

ማስታወሻ፦ ከበርዎ ፊት ተራዬን ስጠብቅ፣ ጸሐፊዎ በሩን በከፈተች ቁጥር ከኋላዎ ያለው የመጽሐፍ ቁም ሣጥን መስታወት ስክሪንዎን ያሳየኝ ነበር። የካርታ ጨዋታው አስቸግሮዎት ብዙ ሲያስቡ አየሁ። ቀዩ ሰባት ጥቁሩ ስምንት ላይ ይሄዳል። የእርስዎ ኪቦርድ ስለማያበራ ደንቡን አልጣሱም፤ በዚህ አይስጉ። ካርታውን እንዳነሱ ግን፣ እባክዎ፣ የልመናዬን መልስ ዛሬውኑ ይስጡኝ።